ወደ አርማጭሆ የዞረ ቡሎን

ያን ግንቦት የማስታውሰው በሙቀቱ ነው። እርግጥ ሸሕዲ ላይ ሙቀት የሌለው ግንቦት የለም፤ ያኛው ግን የባሰ ነበር። ሰማዩ ዝቅ ብሎ አናታችን ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ዶሮዎቹ ምንቃራቸውን ከፍተው ከኒሙ ዛፍ ሥር ይውላሉ። ሰው ሁሉ አንገረቡን ጎትቶ ደጅ አውጥቷል። አንገረብ የምንለው በገመድ የተጠለፈውን አልጋ ነው፤ ከሱዳን የሚመጣ ነገር ስሙን ይዞ ነው የሚመጣ፣ እኛም ስም ለመቀየር አንደክምም። ጎረቤት ከጎረቤት አይጣላም፤ መጣላትም ጉልበት ይፈልጋል። ከወደ ቋራ ደመና ብቅ ሲል ሁላችንም ቀና እንላለን። ደመናው አይቶን ያልፋል።

ባሌ ኪዳን በሕይወት ሳለ ይህ ወቅት ሆዴን ያባባው ነበር። ሰኔ ሊገባ ሲል ቀዮን ያስነሣታል። ቀዮ ላም አይደለችም፣ ትራክተር ናት። ስሙን ያወጣላት እሱ ነው፤ ያኔ ቀለሟ ቀይ ነበር፣ አሁን ቀለሙ የት እንደሄደ እሷም አታውቅ። ግቢው ሲንቀጠቀጥ፣ የናፍጣው ሽታ ቤቱን ሲሞላው፣ ዝናቡ የደረሰ ያህል ይሰማኝ ነበር። ኪዳን ካረፈ ወዲህ ግን ቀዮ አራት ዓመት ሙሉ ከኒሙ ሥር ቆማ ቀረች። ነጯ ዶሮዬ መቀመጫው ላይ እንቁላል መጣል ጀመረች። ደረበንም ያገኘሁት ከዚያ ላይ እንቁላል ሳነሣ ነው።

ሱዳን ታውካ ሰው በመተማ በኩል እንደ ጎርፍ የሚገባበት ሰሞን ነበር። አንድ ረጅም፣ አንገተ ቀጭን ሰው ሰማያዊ ቱታ ለብሶ ደጄ ላይ ቆመ። ከቱታው ኪስ አንዲት የብረት መፍቻ ብቅ ብላ ትታያለች፤ ሐኪም ማዳመጫውን እንደሚያንጠለጥል።

«ሰላም ዓለይኩም፣ ያ ሓጃ» አለኝ።

ሓጃ የሚባለው ሐጅ ለሄደች እስላም ሴት ነው፤ ግንባሬ ላይ ያለው የመስቀል ንቅሳት ግን ከመንገድ ማዶ ይታያል። ከእግር እስከ ራሱ አየሁት።

«ከየት ነህ?»

«ከገዳሪፍ።»

«ከገዳሪፍ በፊትስ?»

ትንሽ አሰበ። ማሰብ የሚፈልግ ጥያቄ አልነበረም። «ከደምበጫ» አለ በመጨረሻ፣ ጎጃምኛው አፉ ውስጥ እንደ ተደበቀ ሰው ብቅ ብሎ።

የሚከራይ ክፍል ነበር የሚፈልገው። ግን ዓይኑ ከቀዮ ላይ አልተነሣም። ኡስታ ነኝ አለኝ። ኡስታ ምንድን ነው ብለው፣ «መካኒክም ሹፌርም፣ ሁሉም ነገር» አለ። ሁሉም ነገር የሆነ ሰው ደጄ ላይ ቆሞ እንዴት እመልሰዋለሁ። ከጓዳው ቀጥሎ ያለችውን ክፍል ሰጠሁት።

ታሪኩን ቀስ በቀስ ነው ያገኘሁት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከአራሞች ጋር ከደምበጫ ወርዶ እዚሁ ሸሕዲ፣ የቀን ሠራተኛ ከሚቆምበት መንገድ ዳር ቆሟል። ባለ ሰሊጡ ይመጣና ክንድ ይዳብሳል፣ ጥርስ ማየት ብቻ ነው የሚቀረው። አንድ ቀን ጠዋት ደረበን ዳብሶ የተወው ሰው አጠገቡ ያለውን ሽማግሌ ወስዶ ሄደ። ያን ዕለት ነው ወደ ሱዳን የተሻገረው። «ከዚያ ቦታ ሁለተኛ አልቆምም፣ ብሞትም አልቆም» ብሎ ምሏል። ይህን ሲነግረኝ ብቻ ነበር ዓረብኛ የማይቀላቅል።

ገዳሪፍ ላይ ስለ ትራክተር ምን እንደ ሠራ ግን ዘግይቼ ነው የሰማሁት። መሬቱ ደረቅ ሲሆን ማረሻው አልሰምጥ ይላል፤ ስለዚህ ሰው ከኋላ ከማረሻው ላይ ይቀመጥበታል። ደረበ እዚያ ከኖረው ስድስት ዓመት ሦስቱን ክብደት ሆኖ ሠርቷል። ትራክተርን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ከተባለ ከእሱ በላይ የሚቀርብ አልነበረም።

አልዋሽም፣ እጁ ግን ይሠራ ነበር። ሲያይ የኖረውን ሁሉ ይዞታል። ነጯን ዶሮ በክብር ከመቀመጫዋ አስነሣት፣ የቀዮን የናፍጣ ቧንቧ አጠበ፣ ባትሪዋን አስሞላ፣ ሌላም የማላውቀውን ብዙ ነገር ፈታ ገጠመ። ግንቦት ሊያልቅ ሲል ቀዮ ሁለት ጊዜ አስላ ተነሣች። እኔ ጓዳ ውስጥ ነበርሁ። ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ ኪዳን መጣ ብዬ ነጠላዬን አነሣሁ። ከዚያ በኋላ ነው የማለቅሰው ምን አስታውሼ እንደሆነ የገባኝ።

በዚያ ደስታዬ ነው አፌን የከፈትሁት። አገኘሁ የሚባለው ሰው ነበረ፣ ሁለት ሦስት ጎረቤትም ነበሩ። አገኘሁ የታወቀ የትራክተር ሹፌር ነው፤ ያሠራው የነበረ ሰው ትራክተሩን ሸጦ ወደ ጎንደር ከሄደ ወዲህ ሥራው ደጄ ላይ ቆሞ መፋቂያ ማኘክና የሰው ሥራ ማረም ሆኗል።

«ስማ ደረበ» አልሁት በሰው ፊት። «የሰኔ ሚካኤል ሳያልፍ ቀዮ እርሻ ላይ ከዋለች ቁልፉ ያንተ ነው። እኔ እስካለሁ ሌላ ሹፌር አይነካትም። ካለፈ ግን ቁልፉን ለአገኘሁ እሰጣለሁ። ሚካኤልን።»

ለምን ሚካኤልን እንዳልሁ ልንገራችሁ። መሬታችን ዋልካ ነው። ደረቅ ሲሆን ብረት ይሰብራል፣ ውኃ ሲጠጣ ትራክተር ይውጣል። በሁለቱ መካከል ያለችው ጊዜ አጭር ናት። ያቺ ካለፈች የዘንድሮ ሰሊጥ በሕልም ነው የሚዘራ።

«ማፊ ሙሽኪላ» አለ ደረበ። ችግር የለም ማለቱ ነው። ይህን ቃል ሲናገር በሰማሁ ቁጥር አማትብ ነበር፤ ችግር ካልመጣ አይናገረውምና።

አገኘሁ መፋቂያውን ወደ ሌላኛው ጉንጩ አዛወረው።

ከመውጣቷ በፊት የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ዘይት መቀየር። ከሞተሩ ሆድ ሥር ዘይቱ የሚጠራቀምበት ኮፓ አለ፤ ከኮፓው ታች አንድ ቡሎን አለ። ቡሎኑ ሲፈታ አሮጌው ዘይት ይፈስሳል፤ መልሰህ ታጠብቀዋለህ፣ አዲሱን ከላይ ትሞላለህ። ይኸው ነው። ኪዳን ይህን ሥራ ዳዊቱን እየደገመ ነበር የሚጨርሰው፣ መዝሙር ሳያዛንፍ።

ሰኔ ስምንት ጠዋት ደረበ ከሥሯ ገብቶ መፍቻውን አስገባ። ቡሎኑ ንቅንቅ አላለም። አራት ዓመት ቆሞ ከኮፓው ጋር ዘመድ ሆኗል። ደረበ ወጣ፣ ቱታውን አራገፈ፣ «ዘይቱን እንግዛና መካሪ እንጠይቅ» አለኝ። አብረን ወደ አብዱረሕማን መለዋወጫ ሱቅ ሄድን።

አብዱረሕማን የተወለደው ሸሕዲ ነው፤ አባቱም። አማርኛው ከእኔ ይበልጣል፣ ቅኔ ቢነግሩት ሰምና ወርቁን ለይቶ ይሰጣል። ደረበ ግን ከደጃፉ ጀምሮ በዓረብኛ ነው የገባበት። አብዱረሕማን ጨዋ ሰው ነው፤ እንግዳ በመረጠው ቋንቋ ይመልሳል። ሁለቱ እየተያዩ ሲያወሩ እኔ የዘይት ቆርቆሮ አቅፌ ቆሜያለሁ። ከዚያ ሁሉ ንግግር አንድ ቃል ብቻ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ሰማሁ፤ «ሸማል»። አብዱረሕማን በእጁ አየሩን እያዞረ ሸማል ይላል፣ ደረበም ራሱን እየነቀነቀ ሸማል ይላል።

ስንመለስ «ምን አለህ?» አልሁት።

«የሙያ ነገር ነው እማማ።»

ደረበ የማራዘሚያ ቧንቧ ይዞ ከቀዮ ሥር በጀርባው ተንሸራተተ። ቀዮ አፍንጫዋ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ደረበም ጭንቅላቱን ወደ ምሥራቅ፣ እግሩን ወደ ምዕራብ አድርጎ ተዘረጋ። መፍቻውን ቡሎኑ ላይ ሰክቶ እጀታውን ወደ ራስጌው አዞረ፤ ለጉልበት እንዲመቸው በእጀታው ላይ ቧንቧውን አጠለቀ። ከዚያ ድምፁ ከሥር መጣ።

«እማማ፣ አርማጭሆ በየት በኩል ነው?»

«ምን ሊያደርግልህ?»

«የሙያ ነገር ነው።»

እኔም ጎንበስ ብዬ በጣቴ አሳየሁት፣ እዚያ ማዶ። ሰው የሙያ ነገር ሲል መከልከል ነውር ነው። ደረበ ሁለት እግሩን ተክሎ፣ ቧንቧውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እኔ ወዳሳየሁት ወደ አርማጭሆ ጎተተ። ቡሎኑ ጮኸ። ደረበ ደስ ብሎት ጨመረበት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው መፍቻው ሸርተት አለና ክንዱን ከብረቱ አላተመው።

ከሥር ሲወጣ ክርኑ ይደማል። «ማፊ ሙሽኪላ» አለ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ባለ ስድስት ማዕዘን የነበረው የቡሎን ጭንቅላት እንደ ነጯ ዶሮዬ እንቁላል ክብ ሆኗል።

በማግሥቱ፣ ሰኔ ዘጠኝ፣ ፒንሳ ይዞ ገባ። ፒንሳው ክቡን ነገር ይላሳል እንጂ አይነክስም። መሮና መዶሻ ይዞ ገባ። መሮውን ከቡሎኑ ጠርዝ ደግኖ ይመታል፣ ይመታል፤ አሁንም ወደ አርማጭሆ። ግቢው እንደ ደወል ቤት ሆነ። አገኘሁ ከጎረቤቶቼ ሁሉ ቀድሞ ነበር የደረሰው።

«ደረበ» አለው ከበሩ ሆኖ።

«አቤት።»

«ገባ ወይስ ወጣ?»

«ትንሽ ቀርቶታል።»

«ለመግባት?»

ደረበ መዶሻውን ትንሽ አቆመ። ከዚያ ቀጠለ።

«የለም፣ ልጠይቅህ ብዬ ነው» አለ አገኘሁ። «ገዳሪፍ ላይ ቡሎን በመዶሻ ነው የሚፈታ? እኛ አገር ሚስማር ነው እንዲህ የሚደረግ።»

«አንተ ሥራ የለህም?» አልሁት እኔ።

«እየጠበቅሁ ነው እማማ። አንቱም እንደማሉት።»

ያን ማታ ደረበ እራቱን አልበላም። «እማማ፣ ስንት ቀን ቀረን?» አለኝ። ሦስት አልሁት። ቀኑን አሳምሮ ያውቀዋል፤ የጠየቀኝ ምናልባት አራት ብል ብሎ ነው። እኔም አራት ማለት እችል ነበር። አላልሁም።

ሰኔ አሥር ረፋድ ላይ አብዱረሕማን ራሱ መጣ። ጫጫታው ሱቁ ድረስ ደርሶት ኖሯል። ትልቁን የቧንቧ መፍቻ ጂራቱቦ በትከሻው ተሸክሟል። ከቀዮ ሥር ጎንበስ ብሎ ቡሎኑን ሲያይ ፊቱ ሐዘን ቤት የገባ ሰው መሰለ።

«ደረበ፣ ሸማል አላልሁህም?» አለው በአማርኛ።

«ሸማል ነው ያዞርሁት።»

«ሸማል ካዞርኸው እንዲህ አይሆንም።»

«ወላሂ ሸማል ነው። እማማ ምስክሬ ናቸው፣ እሳቸው ናቸው ያሳዩኝ።»

አብዱረሕማን ወደ እኔ ዞረ። «ሸማል ወዴት ነው እማማ?»

እኔ ምን አውቃለሁ። አርማጭሆን ብቻ ነው የማውቀው። አሁንም በጣቴ አሳየሁ።

አብዱረሕማን ጂራቱቦውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ፤ ከዚያ አንገረቡ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ነው ሳቅ መሆኑን ያወቅሁት።

ለካ ሸማል በዓረብኛ ሁለት ነገር ነው። ሰሜንም ነው፣ ግራም ነው። ገዳሪፍ ላይ አሠሪው የአጫጆቹን ቡድን ሲከፋፍል «እናንተ ወደ ሸማል፣ እናንተ ወደ ጀኑብ» ይላቸዋል፤ የሰሜኑ እርሻና የደቡቡ እርሻ ማለቱ ነው። ደረበ ስድስት ዓመት ሙሉ ሸማልን በእግሩ ሲሄድበት ኖሯል። ግራ ማለት መሆኑን የሚነግረው ሰው አላጋጠመውም፤ ማረሻ ላይ ለተቀመጠ ክብደት ግራና ቀኝ ምን ያደርግለታል። አብዱረሕማን ወደ ግራ አዙረው ሲለው፣ እሱ ቡሎኑን ወደ ሰሜን እንዲጎትተው የተመከረ መሰለው። እንደተኛው ደግሞ ሰሜኑ፣ የአርማጭሆ በኩል፣ በቀኙ፤ ደቡቡ፣ የቋራ በኩል፣ በግራው ነበር። ቡሎኑ ወደ ቋራ አዙረኝ እያለ ሲለምን፣ የእኛ ኡስታ ሁለት ቀን ሙሉ ወደ አርማጭሆ ጎተተው። በሌላ አነጋገር፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያጠብቀው ሰነበተ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው» አለው አብዱረሕማን ዓይኑን እየጠረገ፣ «እኔ አማርኛ እችላለሁ እኮ።»

ደረበ የክርኑን ቁስል አየ። ከዚያ ሳቀ፤ ግን ሳቁ ጥርሱ ላይ ብቻ ቀረ። ወዲያው ዞሮ አየኝ። የሚያየው ቁልፉን ነበር፣ ከአንገቴ ላይ በክር የተንጠለጠለውን። እጄን አንሥቼ ሸፈንሁት። ለምን እንደሸፈንሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

አገኘሁ በሩ ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። ከሰዓት በኋላ ሸሕዲ በሙሉ ሰምታ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ደረበ ሸማል ሆነ። ልጆች በመንገድ ሲያልፍ «ደረበ፣ ሰሜን በየት ነው?» ይሉት ነበር። የአገራችን ሰው ለሌላ ነገር ቢሰንፍ ለስም ማውጣት አይሰንፍም።

አብዱረሕማን ከመሄዱ በፊት ዘዴውን ነገረው፤ በአማርኛ፣ ቃል በቃል፣ ደጋግሞ። ክብ የሆነውን ጭንቅላት በሞረድ ፊትና ኋላውን ሞርደህ ሁለት ጠፍጣፋ ጎን አውጣለት፤ ጂራቱቦው የሚነክሰው ነገር ሲያገኝ ይይዛል። አትቸኩል። ሞረዱ ከሚያስፈልገው በላይ ከበላ ሌላ የለንም።

ደረበ ገባ። እንግዲህ በጀርባ ተኝቶ፣ ወደ ላይ እያዩ፣ ከፊት አንድ ክንድ በማይሞላ ቦታ ብረት መሞረድ ምን እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ብናኙ ዓይን ውስጥ ይገባል። ላቡ ጆሮ ውስጥ ይገባል። አሥርን ውሎ፣ አሥራ አንድንም ሞረደ። ያን ሁለት ቀን ከአፉ ዓረብኛ አልወጣም። ማፊ ሙሽኪላም አላለም፤ እኔ ቃሉን የናፈቅሁት ያኔ ነው። አንድ ጊዜ ውኃ ሳቀብለው ዓይኑ ደም መስሏል። «ትንሽ እረፍ» አልሁት። «ከዚያ መንገድ ዳር ስቆም አርፋለሁ» አለኝ። የትኛውን መንገድ ዳር እንደሚል አልጠየቅሁትም።

ሰኔ አሥራ አንድ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ጂራቱቦውን አስነከሰ። «ግራ» አለ ለራሱ፣ በአማርኛ። «ግራ እጄ ይቺ ናት፣ የማማትብባት ቀኝ ናት፣ ይቺ ግራ ናት።» ጎተተ። አልሆነም። ኮፓውን በመዶሻ ዙሪያውን ኳ ኳ አደረገና እንደገና ጎተተ። ያኔ ቡሎኑ አንድ ድምፅ አሰማ፣ ያረጀ በር የሚያሰማውን፣ እና ዞረ።

ደረበ በደስታ ገበቴውን ዘነጋው። ከሥር ያስቀመጠው የሊጥ ገበቴዬ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ባዶውን ቁጭ ብሏል፤ የአራት ዓመት ጥቁር ዘይት በሙሉ ደረቱ ላይ ወረደ። ሲወጣ ከጥርሱና ከዓይኑ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረውም። ቡሎኑን በሁለት ጣቱ አንሥቶ አሳየኝ። ሙሽራ ቀለበት እንዲያ አታሳይም። ገበቴዬ ስለተረፈ እኔም ደስ አለኝ።

ግን ቡሎኑ ተላጧል፣ ጥርሱም አልቋል፤ መልሶ አይገጠምም። አብዱረሕማን ሱቅ ልኩ አልተገኘም። ከመተማ ዮሐንስ አስመጣለታለሁ አለ፣ ለነገ። ነገ ደግሞ ሰኔ አሥራ ሁለት ነው። ሚካኤል ነው።

ይህን የቀጠርሁት እኔ ነኝ። ሚካኤል ሳያልፍ ብዬ ስምል፣ ሚካኤል ራሱ ብረት የማይነካበት ቀን መሆኑን አላሰብሁም። ቡሎኑ በበዓሉ ቀን ረፋድ ላይ በሚኒባስ መጣ። ደረበ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ተቀበለው፣ በጨርቅ ጠቀለለው፣ ከራስጌው አስቀመጠው። ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ያን ዕለት ገሥጬው፣ በዓል ሻሪ ብዬ አስወጥቼው ነበር። ስላልሠራ ደግሞ ቀኑ አለፈበት። እንዲህ ያለ ውል አንድ ብልህ ሰው ተቀምጦ ቢያስብ ሊያገኘው አይችልም።

አሥራ ሦስት ሲነጋ ከኔ ቀድሞ ተነሥቷል። ቡሎኑን ገጠመ፣ አዲሱን ዘይት ሞላ፣ ቆይቶ ከሥር ገባና ለረጅም ጊዜ አንድ ነገር ሲቀጠቅጥ ሰማሁት። ከዚያ ቀዮን አስነሣት። አንዲት ጠብታ አልወረደም። ግቢው ተንቀጠቀጠ። ነጯ ዶሮ ሸሸች።

አገኘሁ በሩ ላይ ነበር። የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ። ጎረቤቶቼም ነበሩ፣ የሰማን ሁሉ ነበሩ። ሁሉም አንገቴን ነው የሚያዩት።

ደረበ ይለምነኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አንድ ቃል ቢናገር፣ እማማ አንድ ቀን እኮ ነው ቢለኝ፣ እኔም በዚያ ላይ ተንጠልጥዬ ልመለስ ተዘጋጅቻለሁ። አልተናገረም። ሰው ሁሉ ዓይኑን ሲጥልብኝ ጊዜ መሐላዬ ከአፌ ትልቅ ሆነብኝ። ክሩን ከአንገቴ አወጣሁና ቁልፉን ለአገኘሁ ሰጠሁት። መሐላ ደግ ነገር ነው፤ ሰው ማሰብ ሲሰለቸው ያሳርፈዋል።

ደረበ ከመቀመጫው ወረደ። እጁን በአሸዋ አሸ፣ በውኃ ታጠበ፣ ክፍሉ ገብቶ ዕቃውን ይዞ ወጣ። ዕቃው አንዲት ሻንጣና ያቺ መፍቻ ነበረች።

«እማማ፣ ሲፈቱት ወደ ግራ ነው በሏቸው» አለኝ። በደምበጫ አማርኛ ነው ያለኝ፣ አንድ ባዕድ ቃል ሳይገባበት። ከዚያ ሄደ።

ቀዮ ዋልካው ሳይጠግብ ደረሰች። መሬቱ ታረሰ፣ ሰሊጡ ተዘራ፣ በቀለ፣ ታጨደ። አገኘሁ ተመሰገነ። «የአገኘሁ እጅ» ተባለ። እጁስ እጅ ነው፣ አልካድሁም። እኔ ግን ያን ሰሞን ሦስት ቀን ተከታትዬ ሽንኩርት ልገዛ ወጣሁ፣ ሽንኩርት ሞልቶኝ። መንገዴን የቀን ሠራተኞች በሚቆሙበት በኩል አደረግሁ። ከወሎ የመጡ ነበሩ፣ ከጎጃም የመጡ ነበሩ፣ ማጭዳቸውን እግራቸው ሥር አስቀምጠው ይቆማሉ። ደረበ በመካከላቸው አልነበረም። እሱም እንደኔ መሐላ ነበረው። የእሱ ግን ማንንም አልጎዳ።

ታኅሣሥ ላይ፣ ሰሊጡ ከገባ በኋላ፣ አገኘሁ የቀዮን ዘይት ሊቀይር ከሥሯ ገባ። እኔ አንገረቡ ላይ ተቀምጬ ሰሊጥ አበጥራለሁ። ቀዮን በዚህ ጊዜ አፍንጫዋን ወደ ምዕራብ አድርጎ ነው ያቆማት። ከዚያ ከሥር ድምፁ መጣ።

«እማማ።»

«አቤት።»

«ቋራ በየት በኩል ነው?»

ሰፌዱ ከእጄ ወደቀ። ሳቄ መጣ፣ ከሰኔ ወዲህ ያልሳቅሁትን ያህል ሳቅሁ። ከዚያ የደረበ ቅጥቀጣ ትዝ ሲለኝ ሳቁ መሐል ላይ ቆመ።

«ምን ጽፎበት ነው?» አልሁት።

አገኘሁ እየነበበ ነገረኝ። ከኮፓው ላይ፣ ከቡሎኑ አጠገብ፣ በመሮ ጫፍ የተቀጠቀጠ ቀስት አለ፣ ወደሚፈታበት የሚዞር። ከቀስቱ ሥር በትናንሽ ፊደል «ወደ ቋራ» የሚል አለ። ያን ጠዋት ከሥር ገብቶ ሲቀጠቅጥ የነበረው ይህንን ነው። ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሰው እንዳይሳሳት። ከእሱ በኋላ የሚመጣው ማን እንደሆነ ደግሞ ያውቅ ነበር፤ በሩ ላይ መፋቂያ እያኘከ ቆሞ ነበርና።

«ቃሉን ተወው» አልሁት። «እሱ ሲጽፈው ቀዮ ፊቷን ወደ ምሥራቅ ነበር ያዞረችው። ቀስቱን ተከተል። ግራ ነው።»

አገኘሁ ቀስቱን ተከተለ። ቡሎኑ ያለ ድምፅ ዞረ። ከሥር ሲወጣ መፋቂያ አፉ ውስጥ አልነበረም። ያን ማታ ቁልፉን አምጥቶ ሳልጠይቀው ከግድግዳዬ ላይ ሰቀለው። ጠዋት ወስዶ ማታ ይሰቅላል። እስከ ዛሬ እንዲህ ነን።

ወሬ ማጠያየቅ ያዝሁ። ቋራ ውስጥ ወዳለችው ገለጉ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ሹፌር ጀምበሩ፣ እንዲህ ያለ አንገተ ቀጭን ሰው አውቃለሁ አለኝ። እዚያ ስሙ ኡስታ ደረበ ነው አለ፤ ሸማል የሚለው ገና አልደረሰም። «ቁልፉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል በልልኝ» ብዬ ላክሁ፤ ና ማለቴ ነው። መልሱ በሳምንቱ መጣ። «እማማን ሰላም በልልኝ፣ በየቀኑ ሥራ አለብኝ» ብሏል። ቀጥሎም ቡሎኑ ዘይት ያንጠባጥብ እንደሆነ ጠይቋል። አያንጠባጥብም ብዬ መለስሁ።

ባለፈው ጥር እንደሰማሁት ደረበ አሁንም ገለጉ ነው። ከገበያው ጀርባ ባለው የእህል ወፍጮ ቤት የወፍጮውን ሞተር ይጠግናል፤ የሚያድረውም እዚያው ነው።